ቀጠሮው እንዳያልፍ

ሱሪው ሲቃጠል ልብስ ሰፊው ከላዩ ላይ ቆሞ ነበር። የሸተታት ግን ወዲያኛው ክፍል ቁጭ ብላ ጫማዋን ትወለውል የነበረችው ሚስቱ ናት።

«አንተ ሰውዬ፣ ቤቱን ልታነደው ነው እንዴ?» እያለች ስትመጣ ካውያው የሱሪው ጉልበት ላይ ተጋድሟል፤ ጭሱ ፊቱ ድረስ ይወጣል። ደንግጦ አነሳው። ሱፉ ላይ የካውያው ቅርጽ ታትሞ ቀርቷል። ዕድሜ ልኩን የሰው ሱፍ ሲተኩስ ኖሮ አንዲት ክር ያላሳረረ ሰው፣ ለክትባቱ ቀን አምሮብኝ ልሂድ ብሎ የገዛ ሱሪውን አቃጠለ። ሚስቱ ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች። እንዲህ ከሆንክስ እንኳንም ሱቁን ዘጋህ፣ ስንቱን ሙሽራ ራቁቱን ታስቀር ነበር አለችው። ሌላ ቀን ቢሆን እሱም አብሯት ይስቅ ነበር። አሁን ግን ጭሱ መሀል ቆሞ በአፍንጫው አየር ሳበ፣ ደግሞ ሳበ፤ ምንም አልሸተተውም።

እሷ ወደ ጫማዋ ስትመለስ እሱ ቀስ ብሎ ኩሽና ገባ። የኮምጣጤውን ጠርሙስ ከፍቶ አፍንጫው ሥር ደቀነው። ውሃ ነው። ምናልባት ሚስቱ ጠርሙስ አሳስታ ውሃ ሞልታበት ይሆናል ብሎ ጠብታ ምላሱ ላይ ጣል ቢያደርግ ቆጠቆጠው። ሳሙናውን አሸተተ፤ ነጭ ሽንኩርት በጥፍሩ ፈንክቶ አሸተተ። ጉሮሮው ከትናንት ጀምሮ ሲከረክረው ብርድ ነው ብሎ ነበር ያለፈው። አሁን ግን ገባው። ይህ ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያሻም፤ ያን ዓመት ሬዲዮ የከፈተ ሁሉ ያውቀዋል። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኸው ነው።

ያውም በዚያ ቀን። ቀጠሮው እኮ እንዲሁ በዋዛ የተገኘ አልነበረም። የሚያዘው በስልክ ነው፤ ስልኩ ደግሞ ወይ ተይዟል ወይ ይጮኻል እንጂ አይነሳም። ሚስቱ ግን በቀላሉ እጅ የምትሰጥ ሴት አይደለችም። በሱቁ ዘመን ቁልፍ የምትተክለው እሷ ነበረች፤ ያ ሥራ ያስተማራት ትዕግሥት እዚህ ላይ ዋለ። ጠዋት ሻይዋን ይዛ ስልኩ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ትደውላለች፣ ትዘጋለች፣ ደግሞ ትደውላለች። አንድ ቀን ተነሳ። ያነሳው ግን ሰው ሳይሆን የተቀዳ ድምፅ ነው፤ እሷ ይህን መቼ አውቃ። እንደምን አደርሽ የኔ ልጅ፣ ቤተሰብ ደህና ነው ወይ ብላ ጀመረች። ድምፁ እንዲህ ከሆኑ ይህን ቁጥር ይጫኑ ሲላት፣ እሺ እጫናለሁ፣ መጀመሪያ ግን ስሚኝ ብላ የደረቷን ሕመም ከሥር ከመሠረቱ ትተርክለት ገባች። ስልኩ ጆሮዋ ላይ ተዘጋ። አሳዳጊ የበደላት ናት አለች። ባሏ ነገሩን አስረድቷት፣ ቁጥር መጫን ተምራ፣ በስተመጨረሻ የምር ሰው ዘንድ ደረሰች። ለባልና ለሚስት በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ቀጠሮ አስያዘች። ያን ቀን ቤቱ ውስጥ ልጅ የተዳረ ያህል ደስታ ሆነ።

ቀጠሮ የሰጠቻት ልጅ ታዲያ አንድ ማስጠንቀቂያ ጨምራ ነበር። ከሁለት አንዳችሁ ትኩሳት ወይ ሳል ካላችሁ፣ ወይም ሽታ መለየት ካቃታችሁ፣ የምትኖሩት አንድ ቤት ነውና ሁለታችሁም እንዳትመጡ፤ ሌላ ቀጠሮ ከወረፋው ጭራ ይሰጣችኋል አለች። የወረፋው ጭራ ምን እንደሆነ ሁለቱም ያውቁታል። ፎቅ ላይ ትኖር የነበረች ጡረተኛ አስተማሪ በቀጠሮዋ ቀን ትኩሳት ቢጤ አለኝ ብላ በቅንነት ተናግራ ከበር ተመለሰች። ትኩሳቱ ተራ ጉንፋን ሆኖ ወዲያው ለቀቃት። አዲሱ ቀጠሮ ሳይደርስ ግን በሽታው ቀድሞ ደረሰባት። በቃሬዛ በደረጃው ሲያወርዷት ልብስ ሰፊውና ሚስቱ በራቸውን ገርበብ አድርገው አዩ። ሚስቱ አስም አለባት። ሐኪሟ ይህ በሽታ አንቺ ደረት ውስጥ ከገባ አይመለስልሽም ብሎ ሳይሸፋፍን ነግሯታል። ከአስተማሪዋ ወዲህ ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማች ቁጥር ትንፋሿ ይቆራረጥ ነበር።

እንግዲህ ኩሽና ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ይዞ የቆመው ሰውዬ ጭንቁ ይህ ነው። ተናገረ ማለት ሚስቱ ወደ ወረፋው ጭራ ትሄዳለች። ዝም አለ ማለት በሽታውን ተሸክሞ አዛውንት መሀል ይገባል። ሦስተኛ መንገድ ፈለገና ያገኘ መሰለው፤ እሷ ትግባ፣ እሱ ይቅር።

በሩ ላይ ራቅ ብሎ ቆሞ፣ እኔ ዛሬ አልወጋም አላት። ለምን ስትለው ሌላ ምክንያት አልመጣለትም። መርፌ ፈራሁ አለ።

ሚስቱ ብሩሹን አስቀመጠች። «ዕድሜህን ሙሉ መርፌ በከንፈርህ ይዘህ ኖረህ፣ ዛሬ ነው የፈራኸው?»

ቀልድ መስሏት ነበር። ቀልድ አለመሆኑን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ለብቻዬ ተርፌ ከማን ጋር ልጨቃጨቅ ነው፣ አንተ ከቀረህ እኔም ቀረሁ ብላ ኮቷን አውልቃ ወንበሩ ላይ ጣለችው። ይህች ሴት አንዴ ካለች አለች ነው። እዚህ ላይ እውነቱን ሊነግራት ይችል ነበር፤ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ከነገራት ግን እንደ አስተማሪዋ በቅንነት ስልኩን አንስታ ራሷ ትናገራለች፣ ያውቃታል። ቃሬዛው በደረጃው ሲወርድ ታየው። ኮቱን ከወንበሩ አነሳና በክንዱ ርዝመት አቀበላት። በይ ተነሽ፣ ቀጠሮው እንዳያልፍ አላት።

ሰው ክፉ ነገር የሚሠራው ቂም ቋጥሮ፣ ጥርሱን ነክሶ የሚመስላቸው አሉ። ይህ ሰውዬ ግን ኮት አቀብሎ ነው ከቤቱ የወጣው። አሮጌ ሱሪ ለበሰ፤ ማስክ በማስክ ላይ ደረበ። መንገድ ላይ ሚስቱ ክንዱን ልትይዝ ስትል ሸሸት አለ። በሱሪህ ስለሳቅኩ ነው የተቀየምከው አለች። እሱ ርምጃውን አፈጠነ። የሱቆቹ መዝጊያ ወርዷል፤ አውቶቡስ መጠበቂያው ወንበር ላይ ማንም እንዳይቀመጥ ፕላስቲክ ተጠምጥሞበታል። አንድ አምቡላንስ ድምፁን ሳያሰማ፣ መብራቱን ብቻ እያሽከረከረ አጠገባቸው አለፈ። ሚስቱ እስኪታጠፍ ድረስ ቆማ አየችው።

ክትባቱ የሚሰጠው በደጉ ጊዜ ሠርግ ይደገስበት በነበረ አዳራሽ ነው። በር ላይ ነጭ የለበሰች ልጅ ቆማለች። እጇ ላይ ያለውን ሙቀት መለኪያ ግንባሩ ላይ ስትደግንበት ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። መለኪያው አልጮኸም። ልጅቷ ቀጥላ ጥያቄዋን ጠየቀች፤ ሚስቱ የለም፣ የለም፣ ያም የለም አለች። ከዚያ ሁለቱም ወደ እሱ ዞሩ።

«እርስዎስ አባባ? ሽታ ይለያሉ?»

ሚስቱ ቀደመችው። ይኸውልሽ፣ ዛሬ ጠዋት ሱሪውን ሲያቃጥል እንኳ አልሸተተውም፣ ሐሳቡ መርፌው ላይ ነበር ብላ ሳቀች። ልጅቷም አብራ ሳቀች፤ ማስኳ ከፍ ዝቅ አለ። ልብስ ሰፊው የማስኩን ገመድ አጠበቀ። ልጅቷ ሳቋን ጨርሳ መልሱን ትጠብቅ ጀመር።

«እለያለሁ» አለ።

ውስጥ ወንበሮቹ የሠርግ ልብሳቸውን እንደለበሱ ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ የታሰረው ጥብጣብ እንኳ አልተፈታም። አዛውንቱ እየተራራቁ ተደርድረዋል። ሁሉም ልብሱን አሳምሯል፤ ዓመት ሙሉ ቤት የተዘጋበት ሰው ሰው ሊያይ ነውና ሽቶው፣ ክራቫቱ፣ ኮፍያው ወጥቷል። ልብስ ሰፊው ካንዱ ኮት ላይ የራሱን ስፌት አየ፣ ወዲያ ደግሞ ሌላ። የሰፋላቸው ሰዎች ናቸው፤ ትከሻቸውን፣ ደረታቸውን በእጁ ለክቶ ያውቀዋል። ጥግ ፈልጎ መስኮት ሥር ተቀመጠና መስኮቱን ከፈተ። ወዲያው ከኋላ ያሉ አንዲት እናት ቁርጥማት አለብኝ ልጄ፣ በብርድ ልትገድለኝ ነው አሉ። እሳቸውን ተከትለው ሌሎቹ አጉረመረሙ። አየር ቢገባ ይሻላል ለማለት ሞከረ፤ ድምፁ ሻክሮ ሲወጣ ሳል ሊከተለው ሆነና አፉን ዘጋ። አንድ አስተናጋጅ መጥቶ መስኮቱን ጠረቀመው። እናትየዋም የፈቀደላቸው መስሏቸው ልብስ ሰፊውን እግዜር ይስጥልኝ አሉት።

ያኔ ነው የድሮ ደንበኛው ሹፌሩ ያየው። ሹፌሩ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አውቶቡስ የነዳ፣ ግዙፍ፣ ሳቁ ከራሱ የሚቀድም ሰው ነው። ከፍጥነት ይልቅ ፍሬን ይወዳል እየተባለ ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ፍሬን ይለዋል። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ከልጁ ጋር ነው የሚኖረው፤ ልጁም በዚህ በሽታ ሰበብ ከበር አላወጣ ብላው ነበር። የለበሰውን ኮት የሰፋለት ልብስ ሰፊው ነው። እጁን እንደ ክንፍ ዘርግቶ መጣ።

አንተ፣ አለህ? አለና ካጠገቡ ያለውን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መነጽሬን ጭጋግ አለበሰብኝ ብሎ ማስኩን አገጩ ሥር አወረደው። ልብስ ሰፊው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ማስክህን አድርግ፣ ራቅ በል አለው። ሹፌሩ ሳቀበት። ከልጄ አምልጬ ስመጣ አንተ ደግሞ ልጄ ሆንክብኝ አለ። ከዚያ የታፈነበትን ወሬ ሁሉ ዘረገፈው። ዓመቱን ሙሉ ከሬዲዮ ጋር ሲያወራ መክረሙን፣ ዜና አንባቢው እንደምን አመሻችሁ ሲል እሱም ከሶፋው ብድግ ብሎ እንደሚመልስ፣ ማታ ማታ የድሮውን መስመሩን በሐሳቡ እየነዳ በየፌርማታው ሰው እንደሚያወርድ ነገረው። ልብስ ሰፊው ትንፋሹን ቆጥቦ በአጭር በአጭሩ ይተነፍሳል። ተነሥቶ መሄድ ይችል ነበር። ከተነሣ ግን ይጠይቁታል፤ ከጠየቁት ሚስቱ ገና አልተወጋችም። ፊት ለፊት ሆና እጅጌዋን እየሰበሰበች ተራዋን ትጠብቃለች። መርፌው ክንዷ ውስጥ እስኪገባ ብቻ፣ አለ በልቡ፣ እስኪገባ ብቻ።

መርፌው ገባ። ሚስቱ ፊቷን ሳታጨማድድ ተነሥታ፣ ከሩቅ አውራ ጣቷን ለእሱ አሳየችው። እሱም ተወጋ፤ ሹፌሩም ተወጋ። የተወጋ ሰው ለጥቂት ጊዜ ቁጭ ብሎ የሚቆይበት ሌላ የወንበር ረድፍ ነበር። እዚያ ላይ አንድ ባለሙያ በሠርጉ ድምፅ ማጉያ ይናገር ነበር፤ ክትባቱ ዛሬውኑ አይሠራም፣ ሰውነታችሁ እስኪለምደው ሳምንታት ይፈጃል፣ እንደ ወትሮው ተጠንቀቁ ይላል። ማጉያው ይንጫጫል፤ ደግሞስ ማን ሊሰማው። አዛውንቱ ማስካቸውን እያወረዱ እንኳን ለዚህ አበቃህ፣ እንኳን አብሮ አበቃን ይባባላሉ። መርፌውን ተወጋን ማለት ዳንን ማለት መስሏቸዋል። የዓመት ፍርሃት በአንድ ጊዜ ከትከሻቸው ሲወርድ ማን ይፈርድባቸዋል።

ሹፌሩ ከመቀመጫው ተነሣና ልብስ ሰፊው ፊት ቆመ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። «ተገላገልን እኮ» አለ። «አሁንማ ማን ይነካናል?»

እንዳትነካኝ ሊለው እጁን ዘረጋ። ሹፌሩ እጁ ወደ እሱ ሲመጣ ለማቀፍ የተዘረጋ መሰለውና ብድግ አድርጎ ወደ ደረቱ አስገባው። ጉንጩን ጉንጩ ላይ አደረገ። ልብስ ሰፊው በድን ሆኖ ቆመ፤ ትንፋሹን ያዘ፣ ያዘ፣ መያዝ አቃተውና ሹፌሩ አንገት ሥር ተነፈሰ። ከዚያ ወዲያ ምን ልበላችሁ። እሱም ሰው ነው፣ ዓመት ሙሉ ከሚስቱ በቀር የሰው ገላ አልነካም። እጆቹ ሳያዛቸው የሹፌሩን ጀርባ ያዙ፤ ኮቱ መሀል ለመሀል የሄደችውን ስፌት ጣቶቹ አገኟት። ዓይኑን ጨፍኖ አቀፈው። ያቺን ቅጽበት ወደዳት፤ ከሁሉ ይልቅ ኋላ ያንገበገበው ይህ መውደዱ ነው።

ቤት እንደደረሱ ክትባቱ አንቀጠቀጠኝ ብሎ የስፌት ክፍሉ ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። ሰበቡ ተመቸው፤ ሚስቱም ምግቡን በር ላይ እያስቀመጠች መርፌ ፈሪ ትለዋለች። በሽታው እሱን እንደ ጉንፋን ነካ አድርጎት አለፈ። እሱ ግን ግድግዳው ላይ ጆሮውን ለጥፎ ደረቷን ሲያዳምጥ ከረመ። ባሳለች ቁጥር ይሞታል፤ ዝም ስትል ደግሞ የበለጠ ይሞታል። አልታመመችም። ጤነኛ ሆና፣ እየተነጫነጨች፣ እያዜመች ሰነበተች። ከክፍሉ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ አብሯት የተቀመጠ ቀን ፈጣሪ ምሮኛል ብሎ አሰበ። ስለ ሹፌሩ ላለማሰብ ይጥር ነበር።

የስልኩ ጥሪ የመጣው በዚያ ሳምንት ነው። የሹፌሩ ልጅ ናት። ሚስቱ ለሁለቱም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ልጅቷ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ ደህና ናችሁ ወይ፣ ያመማችሁ ነገር አለ ወይ፣ እውነቱን ንገሩኝ አለች። ደህና ነን፣ ሁለታችንም ደህና ነን አለች ሚስቱ። ልጅቷ አለቀሰች። የእፎይታ ለቅሶ ነበር።

አባቷ ሆስፒታል ነው። ከክትባቱ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ወደቀ፤ አሁን በኦክስጅን ነው የሚተነፍሰው፣ ሐኪሞቹም ተስፋ አልሰጧትም። እሱን ግን እንቅልፍ የነሳው ሞቱ አይደለም። በክትባቱ ዋዜማ ከእሷ ተደብቆ ወጥቶ ጢሙን ተላጭቶ ኖሯል፤ በሽታውን ከፀጉር ቤት ይዤው ሄድኩ ነው የሚለው። ማስኬን አውልቄ ፊቱ ላይ ሳቅኩበት፣ እምቢ እያለኝ አቀፍኩት፣ ባለቤቱ ደረቷ ደካማ ነው፣ ቤቱን አጠፋሁት እያለ ያቃዣል። ደህና ናቸው ብትለው አያምናትም።

«ጋሼ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ላድርግለት» አለች። «ይቅር ብዬሃለሁ ይበሉት። እሱን ሳይሰማ ነፍሱ አትወጣም።»

ሳጥን ሲከፈትና ሲዘጋ የሚመስል የመሣሪያ ድምፅ መጣ። በመሀሉ አንድ ትንፋሽ ይጎተታል። ልብስ ሰፊው ያን ትንፋሽ ያውቀዋል፤ አንገቱ ላይ ተነፍሶበታል።

«ወንድሜ» አለ ትንፋሹ። «ይቅር በለኝ።»

እውነቱ ሦስት ቃል ነበር። እኔ ነኝ የሰጠሁህ ቢለው ያ ሰው ከነጭንቁ አይሄድም ነበር፤ ሸክሙ ተነሥቶለት፣ ምናልባትም ተራግሞ፣ ቀልሎት ይሄድ ነበር። ልብስ ሰፊው ይህን አሳምሮ ያውቃል። አፉን ከፈተ። ቀና ሲል ሚስቱን አያት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ በለው እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ በሚል ፊት ትጠብቀዋለች። ዕድሜ ልኳን ያመነችው ሰው ፊቷ ተቀምጧል። ከተናገረ ያን ሰው ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ዳግመኛ አታገኘውም።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ ሹፌሩ። ሳጥኑ ተከፈተ፣ ተዘጋ።

ሚስቱ ዞራ መጥታ ራሱን ሳመችው። እንዳንተ ያለ ልብ ማን አለው አለች።

ሹፌሩ በማግስቱ አረፈ። ቀብር ላይ ጥቂት ሰው ብቻ ነበር የተፈቀደው፤ ልጅቷ ግን ልብስ ሰፊው ካልመጣ አይሆንም ብላ አስመጣችው። ያን ይቅርታ ለሁሉም ነግራለች። የሩቅ ዘመዶች ራቅ ብለው ቆመው በአክብሮት አንገታቸውን ዝቅ ያደርጉለታል፤ አንዱ እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል ሲል ሰማው። ሚስቱ ክንዱን ይዛ ኮርታ ቆማለች። አፈሩ ከመግባቱ በፊት ልጅቷ መጥታ ቦታዎ እዚህ ነው፣ ከቤተሰቡ ጋር፣ አለችውና ከጎኗ አቆመችው።

«አባቴ በሰላም ያረፈው እርስዎ ይቅር ስላሉት ነው» አለች። «እኔም እስከምሞት አልረሳዎትም።»

ልብስ ሰፊው እግዜር ያጽናሽ ልጄ አላት፤ ካጠገቧም ቆመ።